ውሃ የምታስገባው የት ጋ ነው?

ምሳሌ ነው። ቡሹሎ ድረስ ሄዶ ሰዎቹን የሚፈልግ አያገኛቸውም፤ የሚመስሏቸውን ግን ከየደጁ ያገኛል።

ቡሹሎ ላይ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሀብቱ ሦስት ነገር ነው፤ የጓሮ እንሰት፣ መረብና የሳንቃ ጀልባ። እንሰቱ የሚስቱ ነው፤ መቼ እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚፋቅ የምታውቀው እሷ ናት። መረቡ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ያልደረሰች ቆሮሶ ብትገባበት ሾልካ ትወጣለች። ጎረቤቶቹ ጠባብ ዓይን መረብ አምጥተው ጣት የምታህለውን ሳይቀር ሲያግዙ «ምነው፣ የልጆችህን እራት ትለቃለህ?» ይሉታል። «የለቀቅሁት የልጅ ልጆቼን እራት ነው» ይላቸዋል። ይስቁበታል።

ጀልባዋ አሮጌ ናት። ከፊት በግራ በኩል፣ ከታች ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ውሃ ታስገባለች። ሰውየው በየበጋው ዳር ላይ ይገለብጣትና ስንጥቁን በጨርቅ ወትፎ የቀለጠ ሬንጅ ያፈስበታል። ለዓመት ትይዛለች፤ ጨርሳ ግን አትደርቅም። ስለዚህ ጀልባዋ ሦስት ሰው ትፈልጋለች፤ የሚቀዝፍ፣ መረብ የሚጥል፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየቀዳ የሚደፋ። የሚቀዝፈው ታላቁ ልጅ ነው። መረቡን የሚጥለው አባት ነው። ውሃ መቅዳቱ የታናሹ ልጅ ተራ ነበር፤ እሱ ግን ከእንቅልፉ አይነሳም። ስለዚህ ጀሪካኑን ብዙ ጊዜ የምትይዘው እህታቸው ናት። ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች እያሉ የሚያሙ ነበሩ። እሷም መረብ በሚጣልበት ምሽት ሰው ሲያንስ ትወጣለች፤ ንጋት ላይ መረቡ ተነስቶ ጀልባዋ ስትመለስ ቀድማ ወርዳ ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብላ ፊሌቶ ታወጣለች። ያየ ሁሉ ከቤት የመጣች ይመስለዋል።

አባት ሞተ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ታላቁ ልጅ ድርሻዬን ስጡኝ አለ። በሞያሌ የሚያሻግር ደላላ አግኝቷል፤ ጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተ የአክስት ልጅም አለው። ታናሹ «ጀልባ በመጋዝ አይካፈሉት» አለ። የወንድሙን እኩሌታ የሚገዛበት ብር ደግሞ የለውም። ሲመክሩ ሰንብተው ተስማሙ፤ ጀልባዋ ትሸጥ፣ የጓሮው መሬት ተይዞም ብር ይበደሩ፣ ሁሉም ለመንገዱ ይሁን፤ አንዱ ደርሶ ሌላውን ይስባል። እናታቸው አለቀሰች፤ ግን አልከለከለችም። እህታቸውን የጠየቃት የለም።

ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ምሳሌው እዚህ ላይ አጭር ነው፤ ልጁ ራሱ ስለማይናገረው። ለእናቱ የነገራት «ደረስኩ» ብሎ ብቻ ነው።

ጆሃንስበርግ ላይ ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች መንደሮች ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ መሸጥ ጀመረ። ውሎ አድሮ ትንሽ ሱቅ ተከራየ፤ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ የሚያቀብልበት፣ ማታም መሬቱ ላይ አንጥፎ የሚተኛበት። አንድ ጊዜ ሰፈሩ ተነስቶ ዘረፈው፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ መሐል ወር አይዘልም፤ ይልካል። ዕዳው ተከፈለ። መሬቱ ከመያዣ ወጣ። የሣር ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፣ ሶፋ ገባ፣ ማንም የማያየው ትልቅ ቴሌቪዥንም ገባ።

ታናሹስ? የጀልባዋ አዲስ ባለቤት ቅዘፍልኝ ብሎት ነበር። «የአባቴን ጀልባ ለሰው አልቀዝፍም» አለ። ልክ ነው፣ ያማል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላም አልያዘም። ሥራ ስትሉት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ሚስት ስትሉት «ፕሮሰሴ ይለቅ» ይላል። አጥሩ ወደቀ፤ «ልሄድ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» አለ። እናቱ እንሰት የምትተክልበትን ጉድጓድ ቆፍርልኝ ብትለው ሳቀ፤ እንሰቱ እስኪደርስ እሱ የት ሄዶ! ጠዋት ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከሐይቁ ዳር ይቆምና ስልኩ ላይ ያፈጣል። ለእሱ ዳሩ የኔትወርክ ቦታ ነው።

ጀልባዋ በሰው እጅ ብዙ አልቆየችም። የገዛት ሰው ጠባብ ዓይን መረብ ይዞ በየሌሊቱ ሐይቁን አራቆተው፤ ዓመት በዓመት የሚወጣው ዓሣ እያነሰ፣ እየቀጠነ ሄደ። የሰለቸ ቀን ጀልባዋን ዳር ላይ ገልብጧት ወደ ባጃጅ ሥራ ገባ። ሳንቃዋ ፀሐይ ላይ ሰነበተ።

አንድ ቀን እህታቸው ለታላቁ ደወለች። «ወንድሜ፣ ጀልባችን ተገልብጣለች፤ ዶሮ እንቁላል ይጥልባታል» አለችው። እሱ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። ቀጥላ «በርካሽ ይሰጠናል» አለች። በሳምንቱ ብሩ መጣ፤ በተለመደው መንገድ፣ በታናሹ ስም። የሽያጩ ወረቀትም በታናሹ ስም ተጻፈ፤ ብር ተቀባዩ እሱ ነዋ።

የሠራችው ግን እህትየዋ ናት። ከሠፈር ሁለት ወጣቶች ቀጥራ ጀልባዋን አስነሳች። ሬንጅ አቀለጠች። የአባቷን ሰፊ ዓይን መረብ ከጣራ ሥር አውርዳ ስታየው አይጥ በልቶታል፤ እናቷ ለልብስ የሰጠቻትን ብር ክር ገዛችበትና በየማታው በኩራዝ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ ምሽት ምሽት ትወጣለች፤ አሁን የሚያማት ሰው ካለም ጉዳይዋ አይደለም።

ታላቁ የመጣው ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ነው፤ አያንቶዎቹ ኮከብ አይተው ቀኑን ባወጁበት ሰሞን። ለእናቱ ብርድ ልብስ፣ ለሠፈሩ ልጆች ከረሜላ ይዟል። ማታ ከቤተሰቡ ጋር ከለምለም እንጨት በተቀለሰው ሁሉቃ ሥር አለፈ፤ የእንሰቱን ምግብ ቡርሳሜ ከገበታው ከሻፌታ እየቆረሰ በቅቤው አጥቅሶ በላ። በማግስቱ ግን ነገር ፈላ። ለካ አንድ ባለሎጅ ጀልባዋን ለቱሪስት ማንሸራሸሪያ ፈልጓት ታናሹ ቀብድ ተቀብሏል። በዚያ ብር ፕሮሰሱን ሊጨርስ ነው።

ታላቁ ጮኸ። ታናሹ ጮኸ። ነገሩ ከሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከሶንጎ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ ጉዱማሌ በሚባለው መሰብሰቢያ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። «አፊኒ» ተባለ፤ ሁሉም ተሰምቶ ሳያልቅ ፍርድ የለም።

ታላቁ ተነሳ። «አባቶች፣ ይህችን ጀልባ ሁለት ጊዜ ከፍዬባታለሁ» አለ። «መጀመሪያ ስትሸጥ በእኔ ነፍስ ነው የተሸጠችው። መንገድ ላይ ያየሁትን አልነግራችሁም። ሁለተኛ ስትገዛ በእኔ ላብ ነው የተገዛችው። የማን ናት ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው።»

ታናሹ ተነሳ። የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። «እሱ ጥሎን ሲሄድ እኔ ቀረሁ» አለ። «እናቴ ስትታመም ውሃ ያቀበለ ማነው? ቀዬውን የጠበቀ ማነው? ሁሉ ቢሄድ ይህ አገር የማን ይሆናል? ወረቀቱም በስሜ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከታናሹ ጋር ሆነ። ቀረሁ የሚል ሰው ከሄድኩ ከሚል ሰው ይልቅ ጆሮ ያገኛል። ከሽማግሌዎቹም አንዱ «እውነቱን ነው፤ አገሩን ያራቆቱት የሚሄዱት ናቸው» አለ።

ይህን ጊዜ እስካሁን ዝም ያለው አዛውንት ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ ቆዩ» አለ። «ጥቁር ውሃ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም እናያለን። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ያየ አለ? የለም። ሻላን የቀመሰ ግን አለ፤ ውሃው አፍ አያስገባም። የእኛ ለምን አልመረረም? እኛ ሳናየው ከሥር የሚሄድ ውሃ ቢኖር ነው። ስለዚህ ሄደ ብዬ ማንንም አልከስም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ።» ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ዞረ። «ጀልባችሁ ውሃ የምታስገባው የት ጋ ነው?»

ታናሹ ሳቀ። «ታስገባለች እንዴ? እሱን ሠራተኞቹን ይጠይቋቸው» አለ።

ታላቁ ዓይኑን ጨፈነ። «ከፊት በግራ» አለ። «ከታች ሦስተኛው ሳንቃ። ጨርቁ የአባቴ አሮጌ ኮት ቁራጭ ነው።»

ተነስተው ወደ ዳር ወረዱ። ጀልባዋን ገለበጧት። ከፊት በግራ፣ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ፣ የአባትየው ሬንጅ እንደ ድንጋይ ደርቆ አለ፤ በስንጥቁ ጠርዝ የቡናማ ኮት ክር ይታያል። አዛውንቱ ጥፍሩን አሳረፈበት። ደረቅ ነው። «ነበረ» አለ። «አሁን ይህኛው አያስገባም። ልጅቷን ጥሯት።»

እህትየዋ መጣች። እጇን አልታጠበችም፤ አንጓዋ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት ተለጥፎ ያበራል። ምንም ሳትናገር በአውራ ጣቷ ከኋላ፣ ቀዛፊው ከሚቀመጥበት ሥር ያለውን መጋጠሚያ ተጫነችው። «እዚህ ነው» አለች። «ፀሐይ ላይ ስትከርም ሳንቃው ተላቀቀ። ሌላም አንድ ቀዳዳ አለ፤ እሱን ግን እስካሁን አላገኘሁትም። በየሌሊቱ ከየት እንደሚገባ የማላውቀው ሁለት ጀሪካን ውሃ እደፋለሁ።»

አዛውንቱ ወደ ታላቁ ዞረ። «ልጄ፣ አንተ ሄደሃል፤ እጅህ ግን ከዚህች ጀልባ አልወጣም። ገንዘብህ ይመለስልሃል፤ በአንዴ አይደለም፣ ከሚያዘው ዓሣ። አንድ ነገር ግን ያዝ፤ የምታውቀው የድሮውን ቀዳዳ ነው። ከዚያ ሆነህ ይህን አድርጉ ብለህ ከማዘዝህ በፊት እህትህን ጠይቅ።»

ከዚያ ታናሹን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። «አንተ ደግሞ ቀረሁ አልከን። ልጄ፣ አንተ ገና አልቀረህም። መሄድ ከፈለግህ ሂድ፤ መርቀን እንሸኝሃለን፣ ነውር የለበትም። መቅረት ካማረህ ግን ጀሪካኑ ያውልህ።»

«ጀልባዋስ?» አሉ ሌሎቹ። «ለሴት ልጅ ልትፈርድ ነው?» ክርክሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዘለቀ፤ በዚያ ቀን አላለቀም። እህትየዋ መረብ የሚጣልበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ፍርዱን ሳትጠብቅ ጀልባዋን ገፍታ ገባች። ታናሹ ቀብዱን መመለስ አለመመለሱን ምሳሌው አይናገርም።

ምሳሌው ሲነገር ሰው ሁሉ እህትየዋን ወድዶ ያልፋል። እኔን የሚይዘኝ ታናሹ ነው። ስለ መሄድና መቅረት ስንከራከር ያልሄደውን ሁሉ ከቀሩት እንቆጥረዋለን፤ የሚወቀሰውም የሚመሰገነውም በዚያው ሚዛን ነው። ግን በየከተማችን ፕሮሰስ ላይ ያለው ሰው ስንት ነው? ዲቪ ሞልቶ ውጤት የሚጠብቅ፣ ስፖንሰር የሚፈልግ፣ ደላላው «በዚህ ሳምንት» እያለ ወራት የሚያስቆጥረው ሰው አካሉ ከእኛ ጋር ነው፤ ኪራይ ይከፍላል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የማያደርገው አንድ ነገር መትከል ነው። ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። እንሰት እንደ አካባቢው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። በመንፈቅ እሄዳለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ሲዳማ ምድር ላይ ከነዚህ አንዱን አይተክልም፤ ማኅበር አይመሠርትም፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶም አይከራከርም። የሄዱት ከሚያጎድሉብን ይልቅ ያልሄዱት ሳይቀሩ የሚያጎድሉብን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ግን ታናሹን ሰነፍ ብሎ መገላገል አይቻልም። ሰው ለምን ፕሮሰስ ላይ ይከርማል? ከቡሹሎ ብዙ ሳይርቅ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60,000 ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች፣ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። እነዚህ ሴቶች ቀርተዋል፤ በእውነት ቀርተዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለልም በሕግ አልተቀመጠም ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ዋና ተከራይ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ ታገደች። ሐዋሳ ላይ ከአራት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ስለ ጦርነቱም ስለ ዋሽንግተኑ ውሳኔም የጠየቃት የለም። አገሯ ላይ ሠርታ ለመቀየር የመጣችውን ልጅ አልያዝናትም፤ ከዚያ በኋላ ዓረብ አገር ልሂድ ብትል በየትኛው አፋችን እንመክራታለን?

መንገዱም ስብከት አያቆመውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም ከኢትዮጵያ የተነሱ ናቸው ተባለ። መርዶው በየቤቱ ተሰማ። መንገደኛው ግን ከሞያሌ መነሳቱን አልተወም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው አገሩን ክዷል የሚል ካለ፣ የመንገደኛው እናት መሬቷን ስታስይዝ አጠገቧ ተቀምጦ ይይ።

ወደ ታላቁ እንመለስ። ከውጭ ያለውን ወገን የምንፈልገው ለምንድን ነው? ለብር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እያንዳንዱ ዳያስፖራ በቀን 1 ዶላር እንዲሰጥ ጠየቁ፤ የትረስት ፈንድም ተቋቋመ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ የምሳሌው ታላቅ ወንድምም ልኳል። ነገር ግን ብር የሚልክን ሰው ብር ብቻ ስንጠይቀው እሱም የሚያውቀውን ቀዳዳ ለራሱ ይዞት ይኖራል፤ ሲናገርም በሄደ ዕለት የነበረውን አገር እያሰበ ከሩቅ ያዝዛል። ምሽት ላይ በቲክቶክ የምንሰማው ጩኸት ብዙው ይኸው ነው፤ የደረቀ ስንጥቅ ላይ የሚፈስ ሬንጅ።

ሌላም ዓይነት ዳያስፖራ አለ፤ እኔ የማውቀው ጥሩው ማሳያ ከማሽላ ማሳ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የወሎንኮሚ ልጅ ናቸው። ጅማ ግብርና ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ዓለማያ ተምረው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኢንዲያና፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዕድሜያቸውን በምርምር አሳለፉ፤ አልተመለሱም። ሲመራመሩ የኖሩት ግን የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠውን አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት ነው። አቀንጭራ የኢንዲያና ገበሬ ችግር አይደለም፤ የወሎና የትግራይ ገበሬ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚሁና ቀድሞ ለሱዳን ገበሬዎች በደረሰው ድቅል ማሽላቸው ነው።

ዘሩ ግን በሽልማት ብቻ ገበሬው ማሳ አይደርስም ነበር። ፐርዱ ላይ ቁጥር ብቻ የነበረውን ዘር እዚህ የተቀበሉት የመልካሳና የሌሎች የምርምር ማዕከሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ ዝናብ በሚያጥርበት፣ አቀንጭራው በበዛበት መሬት ዘሩን ዘርተው አዩ፤ ዘሩ ብቻውን እንደማይበቃም አወቁ፤ ማዳበሪያና ውሃ የሚይዝ ትልም ጨመሩበት። የእነዚህን ባለሙያዎች ስም የሚጠራ ጋዜጣ የለም። ፐርዱ ላይ ፒ 9401 እና ፒ 9403 ተብለው ይቆጠሩ የነበሩት ዘሮች በእነሱ በኩል አልፈው «ጎብዬ» እና «አብሽር» በሚል ስም ለገበሬው ተለቀቁ።